ከማበቡ በፊት፦ ስለ መጤ አረምና ተባይ ጠይቃችሁናል

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያነጣጠሩ ናቸው፤ ከሌላ አህጉር መጥተው አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር እያዳረሱ ስላሉ አረሞች፣ ዛፎችና ነፍሳት። ሁሉንም ማስተናገድ ስላልተቻለ ሰባቱን መርጠናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ በዘመቻ እምቦጭ እንነቅላለን። ደረታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተን የነቀልነው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ሥራችን የሚበላሸው የት ላይ ነው? በቪክቶሪያ ሐይቅ በጢንዚዛ አጠፉት ሲባል ሰምተናል፤ እኛስ?
(ከፎገራ)

መልስ፦ እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው፤ ቆቃና አዋሽ ላይ ግን ከ1965 ጀምሮ አለ። ሙቀትና ማዳበሪያ የበዛበት ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ዘር አያስፈልገውም፤ ከእናቲቱ ተክል በውሃው ላይ የሚዘረጋ ቀጭን ሯጭ ግንድ ጫፉ ላይ ልጅ ያበቅላል፣ ልጅየውም በተራው ሌላ ይዘረጋል። ስለዚህ ስትጎትቱ ተበጥሶ የቀረ ቁራጭ፣ ቡቃያ ካለበት፣ ለአዲስ ምንጣፍ በቂ ነው። ከነቃዮቹ ኋላ መረብ ይዘው ቁርጥራጩን ብቻ የሚለቅሙ ሰዎች መድቡ። ይህ ሥራ ትንሽ ስለሚመስል ይዘለላል፤ የነቀላው ግማሽ ዋጋ ያለው ግን እዚያ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወቅቱ ነው። ዘመቻ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሐምራዊው አበባ ሐይቁን ሲያለብሰው ነው። አበባው ሲጠወልግ አገዳው ጎብጦ ውሃ ውስጥ ይገባና ዘሩን እዚያው ያራግፋል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ሰዓት የምትነቅሉት ዘሩን የጣለውን ተክል ነው። ትልቁ ጉልበት መዋል ያለበት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ሐይቁ ሲሸሽና አረሙ ሲያንስ ነው። ያን ጊዜ ሐይቁ በለቀቀው እርጥብ ጭቃ ላይ ከአሮጌው ዘር የበቀሉ፣ ጣት የማያህሉ ችግኞች ታያላችሁ። አንድ ልጅ በእጁ ሊነቅለው የሚችለው ያ ችግኝ ነው ከክረምት በኋላ ጀልባ የሚያስቆመው።

የተነቀለው የሚከመርበትን ቦታ የክረምቱ ውሃ ከሚደርስበት መስመር ውጭ አድርጉ፤ ባሕር ሸሽ እርሻ ላይ የተከመረ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይዋኛል። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ክምሩ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ ውስጡ ሳይደርቅ ይከርምና ያቆጠቁጣል። ሳያብብ የተነቀለውን አጠውልጋችሁ፣ ከትፋችሁ፣ ከእበትና ከአፈር ጋር በመደባለቅ ብስባሽ ማድረግ ይቻላል። ያበበውን ግን አድርቃችሁ አቃጥሉት እንጂ ወደ ማሳ አትውሰዱት። ለከብት ለብቻው አይሆንም፤ ውሃው ብዙ ነው፣ ቆሻሻ ከሚገባበት ዳርቻ የተነሳው ደግሞ ጎጂ ብረታ ብረት ይይዛል። ውሃው ውስጥ ስትገቡ ቦቲ አድርጉ፤ ቢልሃርዚያው ከአረሙ የሚያንስ ጠላት አይደለም።

ጢንዚዛዎቹ እውነት ናቸው። ኒዮኬቲና የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ከእምቦጭ ሀገር ከደቡብ አሜሪካ የተገኙ ሲሆኑ፣ ኡጋንዳ በ1995 መጨረሻ፣ ኬንያ በ1997 መጀመሪያ ቪክቶሪያ ላይ ለቀቋቸው። ትልልቆቹ ቅጠሉን ይፍቃሉ፣ ትሎቻቸው አገዳውን ውስጥ ለውስጥ ይቦረቡራሉ፤ ተክሉ አየር ያጣና ይሰምጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምንጣፉ በአብዛኛው ወደቀ፤ የ1997 እና 1998 የኤልኒኖ ዝናብና ማዕበልም አግዟል። ይሁንና አረሙ አልጠፋም፤ ኪሱሙ ባለበት የኬንያ ባሕረ ሰላጤ እስከ ዛሬ ይመጣል ይሄዳል። ጢንዚዛ ሥራውን የሚሠራው በዓመታት ነው፤ ያለበትን ምንጣፍ ሙሉ በሙሉ ከነቀሉበት ደግሞ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ የሚነቀልና ለጢንዚዛ የሚተው ቦታ አስቀድሞ ተለይቶ መታወቅ ይኖርበታል። ማንም ግለሰብ በራሱ አምጥቶ አይልቀቅ፤ ፈቃድና የኳራንቲን ምርመራ ግዴታ ነው። ከጎንደርና ከባሕር ዳር የሚወርደው ፍሳሽና ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ እስካልቀነሰ ድረስ ግን ጢንዚዛም ሰውም የሚሠሩት በደንብ ከሚቀለብ አረም ጋር ነው።

ጥያቄ፦ ማሽላዬን ቅንጬ ወረሰው። ሳርመው እጄና አንገቴ ያሳክከኛል፣ ላሞቹ ሲበሉት ወተቱ ይመራል። በማጭድ ባጭደው ተመልሶ ያብባል።
(ከከሚሴ አካባቢ)

መልስ፦ በማጭድ አይሞከር። ቅንጬ (ፋራምሲሳም ይሉታል) ከአፈር ጋር ከተጣበቀው አንገቱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ የታጨደው አጠር ብሎ፣ ቶሎ ያብባል። ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ አበባ ላይ ይደርሳል፣ አንድ ጠንካራ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ይሰጣል። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያችሁ አራት ሳምንት ነው፤ ማሳውን ቢያንስ በየሦስት ሳምንቱ እዩት።

ገና በልጅነቱ ለይቶ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። መጀመሪያ መሬት ላይ ክብ ሆኖ ይነጠፋል፣ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ ግንዱ ገና አልወጣም። መነቀል ያለበት በዚህ ደረጃ፣ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ከነዋናው ሥሩ ነው። የጎማ ወይም ወፍራም የጨርቅ ጓንት፣ እጀ ሙሉ ልብስ፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ሻሽ ያስፈልጋል። ማሳከኩ የሚመጣው ፓርተኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በተደጋጋሚ የነካው ሰው ቆዳው እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይለምደውም። አስም ያለበት ሰው ያበበ ማሳ ውስጥ ጨርሶ አይግባ። ከሥራ በኋላ ልብሱን ለብቻ እጠቡ።

ነጭ አበባ የያዘውን ነቅላችሁ ማሳ ዳር አትተዉት፤ ዘሩ ሥሩ ከአፈር ከወጣ በኋላም ይበስላል። በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ አቃጥሉ። በማሽላና በጤፍ ውስጥ ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ሊረዳ የሚችለው አረሙ ገና መሬት ላይ ተነጥፎ ሳለ ብቻ ነው፤ ግንድ ካወጣ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ ደግሞ የጎረቤትን ሽምብራ፣ ሰሊጥ ወይም ቲማቲም ያቃጥላል።

ቅንጬ ኢትዮጵያ የገባበት መንገድ በእርዳታ እህልና በጦር ተሽከርካሪ እንደሆነ ይገመታል፤ ዛሬም የሚዛመተው በዚያው መንገድ ነው። ከወረራ አካባቢ የተገዛ ዘር፣ ጭድ፣ አሸዋ፣ የትራክተር ጎማ፣ የኮምባይነር ሆድ ይዞት ይሄዳል። ኮምባይነር ማሳችሁ ከመግባቱ በፊት እዚያው መንገድ ላይ እንዲጸዳ ጠይቁ፤ ባለቤቱ ቢያጉረመርምም መብታችሁ ነው። ወተቱን በተመለከተ፣ ላሞቹን ከአረሙ ካራቃችኋቸው መራራነቱ ይለቃል። ቅጠሉን የሚበላ ዛይጎግራማ የተባለ ጥንዚዛና ግንድ የሚበሳ ሌላ ነቀዝ መሰል ነፍሳት በሀገራችን ተመርምረው ተለቅቀዋል፤ በአቅራቢያችሁ ስለመኖራቸው የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ ግጦሻችንን ጨረሰው። ለከሰል ቆረጥነው፤ አንድ የነበረው አሥር ሆኖ በቀለ። ፍየሎቻችንም ፍሬውን በልተው ጥርሳቸው ይረግፋል። ምን ይሻላል?
(ከአሚባራ፣ አፋር)

መልስ፦ ፕሮሶፒስ ወደ አፋር የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በረሃን ያቆማል ተብሎ ነው። ዛሬ በአፋር ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። የእናንተ ችግር የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ኬንያ ባሪንጎ ውስጥ በ1980ዎቹ ለማገዶ ተተክሎ ግጦሽ የወረሰባቸው የኢልቻሙስ አርብቶ አደሮች በ2006 መንግሥትን ከሰው፣ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ፍርድ ቤት ድረስ ይዘው ቀርበዋል። የፍየሏ ጉዳት እውነተኛ ነው፤ የፍሬው ሽፋን ስኳር የበዛበት ስለሆነ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ያበሰብሳል።

አንዱ ለምን አሥር ሆነ? የዛፉ የተኙ ቡቃያዎች ያሉት ግንዱ ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት፣ ከአፈር ጥቂት ዝቅ ባለው እብጠት ላይ ነው። ከአፈር በላይ በመጥረቢያ ስትቆርጡ እነዚያን ሁሉ ታነቃላችሁ። ስለዚህ ከሰል አክሳዩ ጉቶውን ትቶ ከሄደ ቦታው ከቀድሞው ይብሳል። በእኛ እምነት የከሰል ፈቃድ ከጉቶ ነቀላ ተነጥሎ መሰጠት የለበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅርንጫፎቹን ከሩቅ በረጅም እጀታ ገጀራ መልምሉ፤ እሾሁ በረባሶን ስለሚበሳ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይሁን። ከዚያ ግንዱን አንድ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ ያ ቁመት ጉቶውን ለመወዝወዝ እንደ መፈንቅል ያገለግላችኋል። ዙሪያውን በዶማ ቆፍሩ፣ እብጠቱ እስኪገለጥ፣ ከዚያም ከእብጠቱ በታች ዋናውን ሥር ቁረጡ። ለቀጭን ዛፍ ከአፈር በታች ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ለወፍራሙ 30 እና ከዚያ በላይ መውረድ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ፊት ላይ እብጠቱ ካልቀረ አያቆጠቁጥም፤ ከቀረ ግን በሁለት ሳምንት ታዩታላችሁ። ከጉልበት በታች የሆነውን ችግኝ ከዝናብ ማግስት በእጅ መንቀል ይቻላል።

የጸዳው መሬት ባዶውን ከዋለ በአፈር ውስጥ ያለው ዘር ይነሳል። ወዲያው አርሳችሁ ዝሩበት ወይም የሀገር ሣር ዘር በትኑበት፣ እስኪይዝ ከከብት ከልሉት። ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ዞራችሁ ችግኝ ንቀሉ። ለዚህ ጉልበት ከሌላችሁ አሥር ሄክታር ከመጀመር አንድ ሄክታር ጀምራችሁ መጨረስ ይሻላል።

ፍሬውን መጣል አያስፈልግም፤ መፈጨት ግን አለበት። ከብት ሙሉውን ሲበላው ዘሩ ሳይፈጭ ያልፍና በእበት ውስጥ ይበቅላል። ቢጫ ሆኖ የወደቀውን ለቅማችሁ፣ ስታጥፉት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር በፀሐይ አድርቁ። እርጥበት ካለው ስኳሩ ወፍጮውን እንደ ማስቲካ ያጣብቀዋል፤ ብዙ ሰው ወፍጮው አልሠራም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በመዶሻ ወፍጮ ከተፈጨ በኋላ እፍኝ ወስዳችሁ እዩ፤ ሙሉ ዘር ካለበት ጠበቅ ባለ ወንፊት ድገሙት። ከጠቅላላው መኖ ከአምስት እጅ አንዱን እንዳይበልጥ አድርጋችሁ ከሣርና ከጭድ ጋር ቀላቅሉ። ፍሬ የበላ ከብት ወደ ንጹሕ ቦታ ከመነዳቱ በፊት አንድ ሳምንት በበረት ይቆይ፣ እበቱም ይቃጠል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ማሊ ውስጥ ከመንደሮች ዙሪያ የፕሮሶፒስ አበባ ያለባቸው ቅርንጫፎች ሲቆረጡ የወባ ትንኝ ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ትንኞቹ የሚኖሩት በአበባው ማር ስለሆነ ነው። ከቤታችሁና ከውሃ ቦታችሁ አጠገብ ያለውን አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ የበቆሎዬ እምብርት ውስጥ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ነገር አለ። መድኃኒት ረጨሁ፤ ትሉ ግን አልሞተም።
(ከሸካ ዞን)

መልስ፦ ያ ብናኝ የመጤው ተምች ኩስ ነው፤ ያልሞተውም ኩሱ እንደ ክዳን ስለሆነለት ነው። ይህ የአሜሪካ ተምች በአፍሪካ የታየው በ2016 መጀመሪያ ናይጄሪያና ጎረቤቶቿ ውስጥ ሲሆን፣ በ2017 በእናንተው ዞን የኪ ወረዳ ደረሰ፤ እስከ 2018 ከ40 በላይ የአፍሪካ ሀገሮችን አዳረሰ። የእሳት ራቷ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ለማረጋገጥ ትሉን አውጥታችሁ ግንባሩን እዩ፦ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ (Y) ፊደል የመሰለ ነጭ መስመር አለው፤ ከጅራቱ ቀደም ብሎም አራት ጥቁር ነጥቦች እንደ ካሬ ተቀምጠዋል።

በቆሎው ከበቀለበት ሳምንት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳው ውስጥ ዚግዛግ እየሄዳችሁ አምስት ቦታ ላይ ቁሙ፣ በየቦታው አሥር ተክል እዩ። ከ50 ተክል 10 እና ከዚያ በላይ አዲስ ጉዳት ካለበት ለወጣት በቆሎ እርምጃ ጊዜው ነው። በቆሎው ከፍ ካለ 20 እስኪደርስ መታገስ ይቻላል፤ ወንዴ አበባው ከወጣ በኋላ መርጨት አይረዳም። ቅጠሉ ላይ እንደ መስታወት የሳሳ ነጠብጣብ ብቻ ካለ ትሉ ገና ሕፃን ነው፤ የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። በጥጥ መሰል ጸጉር የተሸፈነ የእንቁላል ክምችት ቅጠል ላይ ካገኛችሁ በጣት ጨፍልቁት፤ አንዱ ከ100 በላይ ትል ያስቀራል። ለትንሽ ማሳ ትሉን ለቅሞ መግደልና እምብርቱ ውስጥ አመድ ወይም ደቃቅ አሸዋ መጨመር ይሠራል። የምትረጩ ከሆነ ማታ ወይም ንጋት ላይ፣ አፍንጫውን ወደ እምብርቱ አቅርባችሁ ይሁን፤ አንድ ዓይነት መድኃኒት እየደጋገማችሁ አትርጩ።

በየሳምንቱ መርጨትን የማንመክርበት ምክንያት አለን። በ2017 በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ኮቴዥያ የምትባል ጥቃቅን ተርብ ትሉ ውስጥ እንቁላል እየጣለች ከተሰበሰቡት ትሎች ከሢሶ በላይ ስትገድል ተገኝታለች፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚፈጃት እሷን ነው። በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል፣ በዙሪያው ብራኪያሪያ የሚባል ሣር በዘሩ የምሥራቅ አፍሪካ ገበሬዎች ማሳ ላይ የትሉ ቁጥር ከ80 በመቶ በላይ ያነሰ ነበር፤ ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ነን፣ ረግረግ የለም። በበጋ ወባ ከየት ይመጣል?
(ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከበርሜላችሁ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከደቡብ እስያ የመጣች ትንኝ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች፤ ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ጅቡቲ በ2012 የመዘገበችው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። በርሜሉንና ሮቶውን ክዳን አልብሱ፣ ትርፍ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ዝጉ። በየአምስት ስድስት ቀኑ ውሃውን ገልብጣችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፤ እጩ ወደ ትንኝ ለመቀየር ከአንድ ሳምንት ትንሽ ስለሚበልጥ ቀኑ አይለፋችሁ። የሲሚንቶ ማርጠቢያ ጉድጓድና የተተወ የግንባታ ገንዳ ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩአት። ከመኝታ ሰዓት በፊትም ስለምትናከስ አጎበር ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ የወፍ ቆሎ አጥራችን ያምራል፤ ጉዳት አለው?
(ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ አለው። ወፎች ፍሬውን ወስደው በየጫካው ይዘሩታል፣ ቅጠሉ ለከብትና ለበግ መርዝ ነው፤ ጉበታቸውን ጎድቶ ቆዳቸው በፀሐይ እንዲቃጠል ያደርጋል። ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ከነሥሩ ንቀሉት። በምትኩ አጋም ወይም ቀጋ ትከሉ፤ ሁለቱም የሀገር ናቸው፣ ፍሬያቸውም ይበላል።

ጥያቄ፦ ለእረፍት ስመጣ ለእናቴ የአበባ ችግኝና ዘር ባመጣላት፣ ስመለስ ደግሞ ከቤት የበሶብላ ዘር ብወስድ ምን ችግር አለው?
(ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አፈር ያለው ችግኝ ይቅር፤ አፈሩ ዓይን የማያየው ትልና ዘር ይዞ ይገባል። ማንኛውም ተክልና የሚዘራ ዘር አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድና ከተነሳበት ሀገር የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። ወደ አሜሪካ ሲገቡ ዘር፣ እህል፣ ቅመም ሁሉ በማሳወቂያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። አሳውቀው የተከለከለ ሆኖ ከተገኘ እቃው ይወሰዳል፤ ደብቀው ከተገኘ ግን ይቀጣሉ። ገጠር ደርሰው ከሆነ ጫማዎን ሻንጣ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ሶሉን በብሩሽና በሳሙና ይጠቡት፣ የሱሪዎን ጠርዝና የካልሲዎን ክር ፈትሸው የተጣበቀውን ዘር ይልቀሙ።